የተቀየረውና ያልተቀየረው፦ በስትሪንግና በሊስት መልመጃዎች ላይ የቀረቡ የአንባቢያን ጥያቄዎች

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች በሙሉ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ በቅርቡ መማር ከጀመሩ አንባቢያን የደረሱን ሲሆኑ፣ የሚያነሡትም ስለ ሁለት ነገሮች ነው፦ ስትሪንግ ስለሚባለው የሆሄያት ሰንሰለትና ሊስት ስለሚባለው ዝርዝር። ጥያቄዎቹ ከተለያየ ቦታ ቢመጡም ብዙዎቹ ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ ጠያቂዎቹ በእጃቸው ያለው ነገር የሚቀየር ይሁን የማይቀየር ሳይለዩ ወደ ሥራው ገብተዋል። ስለዚህ የመጀመሪያውን መልስ ረዘም አድርገን ጽፈነዋል።

የፓይተን ትእዛዞች በላቲን ፊደል የሚጻፉ ቢሆኑም፣ በዚህ አምድ ሲነበቡ እንደሚሰሙት በፊደላችን አስቀምጠናቸዋል። ኮምፒውተር ላይ ስትሞክሯቸው ወደ ላቲኑ መልሷቸው። የቫሪያብል ስሞችን (ለምታስቀምጡት ነገር ራሳችሁ የምታወጡለትን ስም) ግን እንዳሉ በአማርኛ ልትጽፏቸው ትችላላችሁ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ይህን ይፈቅዳል።

ጥያቄ፦ በሀዋሳ የማታ ተማሪ ነኝ። ሁለት መልመጃዎች አንድ ሳምንት ሙሉ አስቸገሩኝ። በመጀመሪያው «ሥራ» የሚለውን ቃል ወደ «ስራ» ለመቀየር ቃል.ሪፕሌስ('ሥ', 'ስ') ብዬ ጻፍኩ፤ ምንም የስሕተት መልእክት አልወጣም፣ ቃሉ ግን እንደነበረ ቀረ። በሁለተኛው የዋጋዎችን ዝርዝር በቅደም ተከተል ለማስቀመጥ ዋጋ = ዋጋ.ሶርት() ብዬ ጻፍኩ፤ አሁንም የስሕተት መልእክት አልወጣም፣ ዝርዝሩ ግን ጠፍቶ በቦታው «ነን» የሚል ቃል አገኘሁ። ኮምፒውተሩ ያላየውን ስሕተት እኔ የት ልፈልገው?

መልስ፦ ሁለቱን መልመጃዎች በአንድ ደብዳቤ ስለላኩልን እናመሰግናለን፤ አንዱ ስሕተት የሌላው ግልባጭ በመሆኑ ጎን ለጎን ሲታዩ እርስ በርስ ይተረጓጎማሉ።

በፓይተን ውስጥ ስትሪንግ አንዴ ከተፈጠረ በኋላ አይቀየርም። ስርዝ ድልዝ እንደማይቀበል ደረሰኝ ነው፤ ተሳስቶ የተጻፈ ደረሰኝ ሌላ ይቆረጥለታል እንጂ በላዩ ላይ አይታረምም። ሪፕሌስ የሚያደርገውም ይህንኑ ነው፤ አሮጌውን ቃል ሳይነካ የታረመውን አዲስ ቃል ጽፎ ያስረክብዎታል። እርስዎ ግን አዲሱን ደረሰኝ ሳይቀበሉ አሮጌውን ይዘው ሄዱ። ቃል = ቃል.ሪፕሌስ('ሥ', 'ስ') ብለው ቢጽፉ «ቃል» የሚለው ስም ከዚያ ወዲያ አዲሱን ስለሚያመለክት ችግሩ ይፈታል። ቃል[0] = 'ስ' ብለው የመጀመሪያውን ሆሄ በቀጥታ ሊያርሙ ቢሞክሩ ደግሞ ፓይተን ራሱ «ታይፕ ኤረር» ብሎ ይከለክልዎታል። በዚህ መንገድ መሄድ ከፈለጉ ቃል = 'ስ' + ቃል[1:] ይበሉ፤ ይህም ማለት 'ስ'ን ወስዶ ከአሮጌው ቃል ከቦታ ቁጥር 1 ጀምሮ ያለውን ሁሉ በማስከተል አዲስ ቃል መሥራት ነው። ቆጠራው የሚጀምረው ከ0 ስለሆነ ቦታ ቁጥር 1 ሁለተኛው ሆሄ ነው።

ሊስት ግን እንደ ዕቁብ ደብተር ነው። አባል ሲገባ ይጻፍበታል፣ ሲወጣ ይሠረዝበታል፣ ደብተሩ ግን ያው ደብተር ነው። ሶርት ይህንኑ ደብተር ተቀብሎ በውስጡ ያሉትን በቅደም ተከተል ያስቀምጣል፤ ሥራው እዚያው በደብተሩ ላይ ስለሚያልቅ ለእርስዎ የሚያስረክበው ሌላ ነገር የለም። ፓይተን «ነን» የሚለው ይህንን «ምንም» ነው። ስለዚህ ዋጋ = ዋጋ.ሶርት() ሲሉ መጀመሪያ ዝርዝሩ በትክክል ይስተካከላል፣ ቀጥሎ ግን «ዋጋ» የሚለው ስም ከተስተካከለው ዝርዝር ተነሥቶ በ«ምንም» ላይ ይለጠፋል። መፍትሔው ዋጋ.ሶርት() ብሎ ብቻ መተው ነው። አሮጌው ቅደም ተከተል እንዳይጠፋ ከፈለጉ ደግሞ አዲስ = ሶርትድ(ዋጋ) ይበሉ፤ ሶርትድ ደብተሩን ሳይነካ የተስተካከለ ቅጂ አዘጋጅቶ ይሰጣል። በሁለቱ ስሞች መካከል ያለው የአንዲት ድምፅ ልዩነት ብዙ ጀማሪዎችን ስላሳሳተ ሲያነብቡ ጆሮዎን ይስጡት።

ስትሪንግ ላይ የሚሠሩት ሪፕሌስ፣ ስትሪፕ፣ አፐር እና የመሳሰሉት ትእዛዞች ሁሉ አዲስ ነገር ስለሚያስረክቡ የሚረከባቸው ስም ያስፈልጋቸዋል። ሊስት ላይ የሚሠሩት ሶርት፣ ሪቨርስ፣ አፔንድ፣ ኤክስቴንድና ሪሙቭ በዚያው በሊስቱ ላይ ሠርተው «ነን» ስለሚመልሱ ተረካቢ አያስፈልጋቸውም። ፖፕ ብቻ ሁለቱንም ያደርጋል፤ የመጨረሻውን አባል ከሊስቱ አውጥቶ በእጅዎ ያስረክብዎታል። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እያንዳንዱን መስመር ከመጻፍዎ በፊት በወረቀት ጠርዝ ላይ «ያስረክባል» ወይም «እዚያው ይሠራል» የሚል ምልክት ቢያደርጉ፣ ኮምፒውተሩ የማያሳይዎትን ስሕተት አስቀድመው ያገኙታል። የስሕተት መልእክት አለመውጣቱ ትእዛዙ ሰዋስዉን የጠበቀ መሆኑን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ያሰቡትን ለመሥራቱ ማረጋገጫ አይሆንም።

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር አባት ነኝ። የ11 ዓመት ልጄ ፕሮግራም መጻፍ እየተማረ ስለሆነ ገበጣን በፓይተን አብረን ልንሠራ ተነሣን። ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ 6 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር እንዲኖር ሰሌዳ = [[4] * 6] * 2 ብለን ጻፍን። ከመጀመሪያው ረድፍ ሦስተኛውን ጉድጓድ ለማንሣት ሰሌዳ[0][2] = 0 ስንል ግን በሁለተኛው ረድፍ ያለው ሦስተኛ ጉድጓድም አብሮ ባዶ ሆነ። ልጄ «ኮምፒውተሩ ያጭበረብራል» ብሎ አኩርፏል፤ ምን ልበለው?

መልስ፦ ኮምፒውተሩ የታዘዘውን ነው የፈጸመው ይበሉት፤ ኩርፊያው ግን ተገቢ ነው፣ ይህ ነገር ለዓመታት የሠሩ ሰዎችንም ያሳስታልና።

አንድ ሰው የክርስትና ስምና የዓለም ስም ሊኖረው ይችላል። ቤተ ክርስቲያን በአንዱ፣ ጎረቤት በሌላው ቢጠራውም ሰውዬው አንድ ነው፤ በአንዱ ስሙ የታመመ በሌላው ስሙ ጤነኛ ሊሆን አይችልም። በፓይተንም ሀ = [1, 2, 3] ካሉ በኋላ ለ = ሀ ቢሉ ሁለተኛ ሊስት አልተፈጠረም፤ ለአንዱ ሊስት ሁለተኛ ስም ወጣለት እንጂ። ለ.አፔንድ(4) ቢሉ «ሀ»ም አራት አባላት ይኖሩታል። [[4] * 6] * 2 የሚለው መስመርም በመጀመሪያ አንድ ረድፍ ይፈጥራል፣ ቀጥሎ ያንኑ ረድፍ ሁለት ጊዜ ይጠቅሰዋል። በሰሌዳዎ ላይ ሁለት ረድፍ የሚታይ ቢመስልም ያለው ሁለት ጊዜ የተጠራ አንድ ረድፍ ነው።

ልጅዎ «ታዲያ [4] * 6 ስንል ስድስቱ ጉድጓዶች ለምን አንድ አልሆኑም?» ብሎ ከጠየቀዎት ጥሩ ጥያቄ ነውና ጊዜ ይስጡት። በእርግጥ ስድስቱም የሚጠቅሱት አንዱን 4 ነው። ነገር ግን ቁጥር እንደ ስትሪንግ ሁሉ የማይቀየር ነገር ስለሆነ ጉድጓዱ ውስጥ 0 ሲያስገቡ አራቱን ወደ ዜሮ እየለወጡት አይደለም፤ በዚያ ቦታ ያለውን ማጣቀሻ አንሥተው በምትኩ ሌላ ቁጥር ያስቀምጣሉ፣ የቀሩት አምስት ቦታዎች አይነኩም። መጋራት አደጋ የሚሆነው የተጋሩት ነገር ራሱ የሚቀየር ሲሆን ብቻ ነው።

እርማቱ ቀላል ነው፦ ሰሌዳ = [[4] * 6, [4] * 6]። እያንዳንዱ ረድፍ ለብቻው ስለተጻፈ ለብቻው ይፈጠራል። ወደፊት የጨዋታውን ሁኔታ ለማስቀመጥ ቅጂ ሲፈልጉ ደግሞ ቅጂ = ሰሌዳ[:] የሚለው እንደማይበቃ ይወቁ፤ ይህ የውጭውን ሊስት ብቻ ገልብጦ ውስጠኞቹን ረድፎች እንደተጋሩ ይተዋቸዋል። በውስጡ ሌላ ሊስት ላለበት እንዲህ ላለው ሊስት ዲፕኮፒ የተባለውን መሣሪያ መጠቀም ያስፈልጋል።

ሌላም ነገር ልጨምርልዎ። ጠጠሮቹ በጠቅላላው 48 ናቸው። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ በሰሌዳው ላይና በተጫዋቾቹ እጅ ያሉትን ጠጠሮች የሚደምርና ድምሩ 48 ካልሆነ የሚጮኽ ትንሽ ፈንክሽን (በአንድ ስም የሚጠራ የትእዛዞች ስብስብ) እንዲጽፍ ልጅዎን ይጠይቁት። በደብዳቤዎ የገለጹት ስሕተት በተፈጠረ ጊዜ በሰሌዳው ላይ 40፣ በእጅ 4፣ በድምሩ 44 ጠጠር ይገኝ ነበርና ፈንክሽኑ ወዲያው ባስታወቃችሁ ነበር። በቤታችን ጨዋታ ስንጫወትም እኮ ጠጠር ሲጎድል ምንጣፉን አንሥተን እንፈልጋለን።

ጥያቄ፦ ከደሴ ነው የምጽፈው። «ከዝርዝሩ ውስጥ ለሁለት የሚካፈሉትን ሙሉ ቁጥሮች አስወግድ» የሚል መልመጃ አለኝ። አባላቱን አንድ በአንድ በሚያዳርሰው በፎር ሉፕ እየዞርኩ ለሁለት የሚካፈለውን ባገኘሁ ቁጥር በሪሙቭ አስወግደዋለሁ፤ አንዳንዴ ትክክል ይሆናል፣ አንዳንዴ አይሆንም። ለ[2, 4, 6, 7] የሰጠኝ [4, 7] ነው። ለምን 4ን ዘለለው?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ለመመለስ ከኮምፒውተሩ ይልቅ እርሳስና ወረቀት ይሻላሉ፤ እባክዎ አብረን በእጅ እንሥራው።

ሉፑ የሚያስታውሰው አሁን የደረሰበትን የቦታ ቁጥር ነው። በቦታ 0 ላይ 2ን አገኘ፣ ለሁለት ስለሚካፈል ተወገደ፤ ዝርዝሩ [4, 6, 7] ሆነ። ሉፑ ወደ ቦታ 1 አለፈ። በአዲሱ ዝርዝር ቦታ 1 ላይ ያለው ማን ነው? 6 ነው። 4 ወደ ኋላ ተስቦ ቦታ 0 ላይ ስለተቀመጠ ሉፑ አልፎታል። 6 ተወገደ፤ ዝርዝሩ [4, 7] ሆነ። ሉፑ ወደ ቦታ 2 ሲሄድ ዝርዝሩ አልቋል። ተራ የያዘ ሰልፈኛ ከፊቱ ያለው ሰው ወጥቶ ሁሉም አንድ አንድ እርምጃ ሲጠጋ፣ ቆጣሪው ግን በመሬት ላይ በተሠመሩት መስመሮች ሲቆጥር የሚፈጠረው መዛባት ነው። አንዳንዴ ትክክል የሚሆንልዎት ለሁለት የሚካፈሉ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሳይቆሙ ሲቀሩ ነው፤ ያን ጊዜ የሚዘለለው ቁጥር መቅረት የሚገባው ስለሚሆን ስሕተቱ ይደበቃል።

ስለዚህ በሚዞሩበት ሊስት ላይ አያስወግዱ። ባዶ ሊስት ያዘጋጁ፣ አሮጌውን ሳይነኩ ይዙሩ፣ የሚቀረውን ብቻ በአፔንድ ወደ አዲሱ ያስገቡ። «አስወግድ» የሚል መልመጃ ባዩ ቁጥር «የሚቀሩትን ሰብስብ» ብለው ቢያነብቡት ኮዱ ራሱ ቀጥ ብሎ ይመጣል።

ጥያቄ፦ በስክሪኑ ላይ ትክክለኛው መልስ እየታየ መልመጃውን የሚያርመው ፕሮግራም ግን «ስሕተት፣ የተገኘው መልስ፦ ነን» ይለኛል። እያየሁት እንዴት ስሕተት ይሆናል?

መልስ፦ በፈንክሽንዎ መጨረሻ ላይ ፕሪንት ጽፈው ሪተርን ሳይጽፉ ቀርተዋል። ፕሪንት መልሱን ለዓይን ያሳያል፤ ሪተርን መልሱን ለጠራው ፕሮግራም ያስረክባል። አራሚው ዓይን የለውም፤ የሚያየው የተረከበውን ብቻ ነው፣ ሪተርን የሌለው ፈንክሽን ደግሞ «ነን» ያስረክባል። ፕሪንቱን በሪተርን ይተኩት። ሪተርኑ በሉፑ ውስጥ እንዳይገባም ይጠንቀቁ፤ ከገባ ፈንክሽኑ በመጀመሪያው ዙር ያበቃል።

ጥያቄ፦ በባሕር ዳር የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የምሠራበት የመልመጃ መጽሐፍ «በቃሉ ውስጥ ያሉትን አናባቢዎች ቁጠር» እና «ቃሉ ከፊትም ከኋላም ሲነበብ አንድ መሆኑን አረጋግጥ» ይላል። በእንግሊዝኛ ቃላት ሠራሁት። በአማርኛ ስሞክር ግን የመጀመሪያው ሁልጊዜ 0 ይሰጠኛል፣ ሁለተኛው ደግሞ የሚሆን ቃል አጣሁለት። መልመጃዎቹ ለአማርኛ አይሠሩም ማለት ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ በራስሽ ቋንቋ መሞከርሽ ብቻ ከመጽሐፉ አንድ እርምጃ ቀድመሽ እንደሄድሽ ያሳያል። ደብዳቤሽን ሳነብ በጣም ነው የተደሰትኩት።

ከሁለተኛው እንጀምር። ቃል == ቃል[::-1] የሚለው ንጽጽር በአማርኛም ይሠራል፤ [::-1] ቃሉን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ገልብጦ አዲስ ቃል ይሰጣል። «ምን ልበል» ስንል ያለውን «ልበል» አስገቢና እዪው፤ ከየትም ብታነቢው «ልበል» ነው። «ራራ»፣ «ላላ» እና «ማማ»ም እንዲሁ ናቸው። «ልበል» በላቲን ሆሄያት ቢጻፍ ግን እያንዳንዱ አናባቢ ራሱን ችሎ ስለሚቆም ሲገለበጥ «ለብል» የሚል ነገር ይወጣል። የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ሆሄ ስለያዘ ሲገለበጥ ሁለቱ አይለያዩም። ሳይመሳሰሉ ሲገለበጡ ሌላ ትርጉም የሚሰጡም አሉ፤ «ቀላ» ተገልብጦ «ላቀ»፣ «ለማ» ተገልብጦ «ማለ» ይሆናል። ሆሄያታቸው አንድ ሆኖ ቅደም ተከተላቸው የተለያየ ቃላትን ለመፈለግ ደግሞ ሶርትድ(ቃል1) == ሶርትድ(ቃል2) በይ፤ «ቀበረ» እና «ቀረበ»፣ «ረገመ» እና «መረገ» እውነት ሆነው ይገኛሉ።

ወደ አናባቢዎቹ ስንመጣ መልመጃው አምስት የላቲን ሆሄያትን ስለሚፈልግ በአማርኛ ቃል ውስጥ አንዳቸውንም አያገኝም፤ 0 ማለቱ ትክክል ነው። ጥያቄውን ወደ ፊደላችን ስንመልሰው «በቃሉ ውስጥ ስንት ግዕዝ፣ ስንት ካዕብ፣ ስንት ራብዕ አለ?» ይሆናል። ይህን ለመመለስ ሰባቱንም ዓይነት በእጅሽ መዘርዘር አያስፈልግሽም። የዓለምን ፊደላት በቁጥር የሚመዘግበው ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 በተባለው እትሙ የግዕዝን ፊደል ሲያካትት ለእያንዳንዱ ረድፍ ስምንት ቦታ መደበ፤ ሰባቱ ለሰባቱ ቤቶች፣ ስምንተኛው እንደ «ሏ» ላሉት ነው። የመጀመሪያው «ሀ» ቁጥሩ 4608 ነው፣ «ለ» 4616፣ «ሐ» 4624፣ «መ» 4632፣ እንዲህ በስምንት በስምንት እየጨመረ ይሄዳል። 4608 ራሱ ለስምንት ያለ ቀሪ ስለሚካፈል የሆሄውን ቁጥር ለስምንት አካፍለሽ ቀሪውን ብታዪ ቤቱን ይነግርሻል፦ ቀሪው 0 ከሆነ ግዕዝ፣ 1 ከሆነ ካዕብ፣ 2 ሣልስ፣ 3 ራብዕ፣ 4 ኃምስ፣ 5 ሳድስ፣ 6 ሳብዕ።

«ሰላም»ን እንሞክር። የሆሄን ቁጥር የሚሰጠው ኦርድ የተባለው ፈንክሽን ነው። «ሰ» 4656 ነው፣ ቀሪው 0፣ ግዕዝ። «ላ» 4619 ነው፣ ቀሪው 3፣ ራብዕ። «ም» 4637 ነው፣ ቀሪው 5፣ ሳድስ። ስለዚህ ሰባት ዜሮዎች ያሉበት ሊስት አዘጋጂ፦ ቆጠራ = [0] * 7። ቃሉን ሆሄ በሆሄ እየዞርሽ ቀሪውን አግኚና በዚያ ቦታ ላይ ያለውን ቁጥር በአንድ አሳድጊ። ቀሪው 7 የሚሆንበት ሆሄ ስላለ ሊስቱን ስምንት ቦታ ብታደርጊው ደግሞ «ሏ» እና «ሟ» ሲመጡ ፕሮግራምሽ አይሰናከልም። ዓረፍተ ነገር ስታስገቢ «።» ቁጥሩ 4962፣ ቀሪው 2 ስለሆነ ሳታስቢው ከሣልሶች ጋር ይቆጠርብሻል፤ ኢዝአልፋ በተባለው ትእዛዝ ሆሄ መሆኑን ሳታረጋግጪ አትቁጠሪ።

ከቁጥሩ ላይ ቀሪውን ብትቀንሺ ደግሞ የረድፉ መነሻ ይገኛል፤ ቁጥሩን ወደ ሆሄ የሚመልሰው የኦርድ ተቃራኒ ኬር ይባላል። «ሰላም» በዚህ መንገድ «ሰለመ» ይሆናል፣ ይህም በሰዋስው ትምህርት የምናውቀው የቃሉ ሥር ነው። «ቋ»፣ «ኳ» እና «ጓ» የየራሳቸው ረድፍ ስላላቸው ወደ «ቈ»፣ «ኰ» እና «ጐ» ይመለሳሉ፤ ለእነርሱ ለብቻቸው አንድ መስመር ማከል ይኖርብሻል። ይህን ብትሠሪ የቋንቋ መምህርሽም ሊያዩት የሚፈልጉት ነገር ይሆናል።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። የተማሪዎቼን ውጤት በኢንፑት እየተቀበልኩ በሊስት አስገብቼ በሶርት ሳስተካክል 100፣ 85፣ 9 ብሎ ያስቀምጥልኛል። ትንሹ መጨረሻ ላይ ለምን ሄደ?

መልስ፦ ኢንፑት የሚቀበለውን ሁሉ የሚያስረክበው በስትሪንግነት ነው። ስትሪንጎች ደግሞ እንደ መዝገበ ቃላት በመጀመሪያው ምልክት ይነጻጸራሉና «1» ከ«8»፣ «8» ከ«9» ስለሚቀድም የውጤቱ ትልቅነት አይታይም። እያንዳንዱን ወደ ሊስቱ ከማስገባትዎ በፊት በኢንት ወደ ቁጥር ይለውጡት። '5' + '3' ስምንት ሳይሆን '53' የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ውጤቱን በግዕዝ አኀዝ ለመቀበል አስበው ከሆነ ግን ኢንት «፲፪»ን አይቀበልም፤ የግዕዝ አኀዝ ዜሮ የሌለውና በቦታ ዋጋ የማይሠራ ስለሆነ የራሱ መለወጫ ፈንክሽን ይፈልጋል።

ጥያቄ፦ የቋንቋ ትምህርት ክፍል ተማሪ ነኝ። በአንድ ጽሑፍ ውስጥ እያንዳንዱ ቃል ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ለመቁጠር በስፕሊት ቃላቱን ለያየሁ። ሆኖም «ፀሐይ»፣ «ፀሐይ።» እና «ጸሀይ» እንደ ሦስት ቃል ተቆጠሩብኝ። የስም ዝርዝር ሳስተካክልም «ሀና» መጀመሪያ፣ «ለምለም» ቀጥሎ፣ «ሐና» ከዚያ በኋላ መጣች። በአንድ ሊስት ውስጥ ሁለቱን ሐናዎች እንዴት ላገናኛቸው?

መልስ፦ ለኮምፒውተሩ ሁለት ስትሪንግ እኩል የሚሆኑት ሆሄያታቸው በየቦታቸው አንድ ሲሆኑ ብቻ ነው፤ ድምፅ አይሰማም። ስለዚህ ከመቁጠርዎ በፊት የሚያነጻጽሩበትን መልክ ማዘጋጀት ይኖርብዎታል።

አስቀድመው ሥርዓተ ነጥቡን ያስወግዱ። በፓይተን ተዘጋጅቶ የሚገኘው የሥርዓተ ነጥብ ዝርዝር የላቲኑን ብቻ ስለያዘ «።»፣ «፣»፣ «፤» እና «፦»ን ራስዎ ይዘርዝሩና ቃል.ስትሪፕ('።፣፤፦') ይበሉ፤ ስትሪፕ ከቃሉ ግራና ቀኝ ያሉትን ከእነዚህ ምልክቶች ያራግፋል። ጽሑፍዎ በድሮው አጻጻፍ ቃላትን በ«፡» የሚለይ ከሆነ ስፕሊት ሁለት ነጥብን እንደ ክፍት ቦታ ስለማይቆጥረው ሙሉ ዓረፍተ ነገሩን እንደ አንድ ቃል ይመልስልዎታል፤ በቅድሚያ ሪፕሌስ('፡', ' ') ማለት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ሆሄያት ወደ አንድ ያምጡ። ከላይ ለባሕር ዳሯ ተማሪ የገለጽነው የስምንት ረድፍ አሠራር እዚህም ይጠቅማል፦ ከ«ሠ» ወደ «ሰ» ለመሄድ በሆሄው ቁጥር ላይ 16 መጨመር፣ ከ«ሐ» ወደ «ሀ» 16 መቀነስ፣ ከ«ኀ» ወደ «ሀ» 128 መቀነስ፣ ከ«ዐ» ወደ «አ» 48 መቀነስ፣ ከ«ፀ» ወደ «ጸ» 8 መቀነስ ይበቃል፤ ረድፎቹ ትይዩ ስለሆኑ ይኸው ስሌት ለሰባቱም ቤት ይሠራል። «ሀ» እና «ሃ»፣ «አ» እና «ኣ» በአማርኛ አንድ ስለሚሆኑ እነርሱንም በሁለት ተጨማሪ መስመሮች ያገናኟቸው። ይህን ሁሉ የሚሠራውን ፈንክሽን «ንጹሕ» ብንለው፣ ስሞቹን ሲያስተካክሉ ለሶርትድ የንጽጽሩ መለኪያ «ንጹሕ» እንዲሆን ይነግሩታል፤ ኬይ በሚባለው ቦታ ላይ የፈንክሽኑን ስም ያለ ቅንፍ መስጠት ነው። ያን ጊዜ ሁለቱ ሐናዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ «ለምለም»ም ከእነርሱ ቀጥላ ትመጣለች።

«ንጹሕ» የሚያስረክበውን መልክ ግን ለንጽጽር ብቻ ይጠቀሙበት። ጸሐፊው «ሠራዊት» ብሎ የጻፈውን «ሰራዊት» አድርጎ ማተም፣ ወይም አንዲትን ሐና በማትጽፈው ፊደል መጥራት አግባብ አይደለም። ስትሪንግ የማይቀየር ስለሆነ ፈንክሽኑ አዲስ ቃል ሲያስረክብዎት ዋናው በሊስቱ ውስጥ እንዳለ ይቆያል፤ ሲቆጥሩና ሲያስተካክሉ በአዲሱ፣ በስክሪን ላይ ሲያወጡ በዋናው ይጠቀሙ።